የተማረው ውሻ



በብዙዎቻችን ቤት ውሻ የሚነሳው በስድብ ጊዜ ነው። ልጅ ሲያጠፋ ስሙን እንጠራበታለን፤ ሰው ሲያስቀይመን በእርሱ እንመስለዋለን። መንገድ ላይ ሲጠጋን ውዱእ አለን ብለን ልብሳችንን ሰብስበን ዞር እንላለን። እንግዲህ ከመድረሳ የተመለሰ ልጃችሁ አንድ ምሽት አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ «አባባ፣ ቁርአን ውስጥ ስለተማረ ውሻ የሚናገር አያ አለ የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

እውነት ነው። አያው በሱረቱል ማኢዳህ፣ ቁጥር 4 ላይ ይገኛል። አላህ (ሱ.ወ) መልካም ነገሮች ሁሉ እንደተፈቀዱልን ከገለጸ በኋላ፣ አስተምረን የምናድንባቸው እንስሳት የሚይዙልንንም እንድንበላ ይፈቅድልናል፤ ስሙን እንድናወሳበትና እርሱን እንድንፈራም ያዘናል። በአያው ውስጥ ያለው «ሙከሊቢን» የሚለው ቃል የወጣው «ከልብ» ማለትም ውሻ ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ውሻንና ሌሎች አዳኝ እንስሳትን የሚያሰለጥኑ ሰዎችን ያመለክታል።

በዚህ ጽሁፍ ሙስሊሞች ይህን አያ ይዘው ስለ አዳኝ ውሻ ምን እንደጠየቁ፣ ምን እንደፈረዱና እንዴት እንዳሰለጠኑ እንመለከታለን። ታሪኩ ግን ውሻው ዘንድ አያበቃም፤ ዞሮ ዞሮ ወደየቤታችን ይገባል።

ከጠይእ ጎሳ የመጣ ጥያቄ

የጠይእ ጎሳ በሰሜን ዐረብያ፣ አጀእና ሰልማ በሚባሉት ተራሮች አካባቢ ይኖር ነበር። በዚያ ደረቅ አገር አደን የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የጉሮሮም ጉዳይ ነበር። ጥሩ ውሻ ያለው ቤት ጦሙን አያድርም።

ከጎሳው መሪዎች አንዱ ዐዲይ ኢብን ሓቲም ይባላል። አባቱ ሓቲም አጥ-ጣኢ በለጋስነቱ እስከ ዛሬ የዐረቦች ምሳሌ ነው። ዐዲይ ክርስቲያን ነበር። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ የሙስሊሞች ጦር ወደ አገሩ ሲመጣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሻም ሸሸ፤ ወደኋላ የቀረችው እህቱ ተማረከች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ነጻ ለቀቋት፤ ልብስና ስንቅ ሰጥተውም በክብር ሸኟት። እርሷም ወንድሟን ሻም ድረስ ሄዳ አገኘችውና ወደ መዲና እንዲሄድ መከረችው።

ሄደ። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ይዘውት ሲሄዱ አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቆመቻቸውና ስለ ጉዳይዋ ረጅም ጊዜ አነጋገረቻቸው። እርሳቸውም ቆመው አዳመጧት። ዐዲይ ይህን ሲያይ «ይህስ የንጉሥ ጠባይ አይደለም» ሲል በልቡ አሰበ። ቤት ሲደርሱም በቃጫ የተሞላች የቆዳ ትራስ ለእርሱ አቅርበው እርሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዐዲይም ሰለመ (ረ.ዐ)።

ስለ ውሾቹ የጠየቀው ይህ ሰው ነው። አንዳንድ የተፍሲር ዘገባዎች የጎሳው ሌላ መሪ ዘይድ አል-ኸይልም አብሮት እንደጠየቀ ይናገራሉ፤ ይህ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስሙን «ዘይድ አል-ኸይር» ብለው የለወጡለት ዝነኛ ፈረሰኛ ነው። ጥያቄው የባለጸጋ ጨዋታ አልነበረም። በክት ሐራም ነው፤ ውሻ ሮጦ የገደለው እንስሳ ደግሞ በቢላ አልታረደም። ታዲያ በውሾቻቸው የሚኖሩ ሰዎች ምን ይብሉ?

መልሱ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የዐዲይ ሐዲስ ውስጥ ተቀምጧል። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ የተማረውን ውሻህን የአላህን ስም አውስተህ ከላክኸው፣ የያዘልህን ቢገድለውም እንኳ ብላ። ከግዳዩ ከበላለት ግን አትብላ፤ ለራሱ ይዞት ይሆናልና። ከእርሱ ጋር ሌላ ውሻ ካገኘህና የትኛው እንደገደለ ካላወቅህም አትብላ፤ የአላህን ስም ያወሳኸው በራስህ ውሻ ላይ እንጂ በሌላው ላይ አይደለምና።

ሌላው ሶሐባ አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒይ (ረ.ዐ) ደግሞ ስላልተማረ ውሻ ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ፣ ያልተማረው ውሻ የያዘው እንስሳ በሕይወት እያለ ተደርሶበት ከታረደ ይበላል የሚል ነው። ሳይደረስበት ከሞተ ግን በክት ነው።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሁለት ውሾች አንድ ዓይነት ጥንቸል ያሳድዳሉ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጥርስ ይነክሳሉ፤ ሁለቱም ይገድላሉ። የአንዱ ግዳይ በማዕድ ላይ ይቀርባል፤ የሌላው ይጣላል። በጥርሳቸው፣ በፍጥነታቸውና በደማቸው መካከል ልዩነት የለም። ልዩነቱ አንዱ የተማረ፣ ሌላው ያልተማረ መሆኑ ነው።

የተማረ ማለት ምን ማለት ነው?

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላለፉትም። የአንድ ቤተሰብ ሥጋ ሐላል ወይም ሐራም መሆኑ በመልሱ ላይ ተንጠልጥሏልና፣ የተማረ ውሻ ምልክቱ ምን እንደሆነ በዝርዝር ተነጋገሩበት። አብዛኞቹ ያስቀመጧቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ጃስ ሲሉት መሄድ፣ ተው ሲሉት መቆም፣ ሲይዝ ደግሞ ሳይበላ ለጌታው መጠበቅ። ይህም አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ሳይሆን ተደጋግሞ መታየት አለበት።

ስንት ጊዜ? እዚህ ላይ ኢማሞቹ ይለያያሉ። የአቡ ሐኒፋ ሁለት ታላላቅ ተማሪዎች፣ አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ ሦስት ጊዜ ይዞ ካልበላ ተምሯል ይላሉ። ኢማሙ ራሳቸው ግን ቁጥር ከመወሰን ተቆጥበው ፍርዱን ለሙያው ባለቤቶች መተዋቸው ተዘግቧል። በሻፊዒይ መዝሀብም የሚታየው የአዋቂዎቹ ልማድ ነው፤ እነርሱ ተምሯል ካሉት ተምሯል። በማሊኪይ መዝሀብ ዋናው ምልክት ሲልኩት መሄዱና ሲመልሱት መመለሱ ሲሆን፣ ከግዳዩ መብላቱ ብቻውን ሥጋውን ሐራም አያደርገውም፤ ለዚህም ሌላ ሐዲስ ያቀርባሉ። በሐንበሊይ መዝሀብ ደግሞ ድፍን ጥቁር በሆነ ውሻ ማደን አይፈቀድም።

ከእነዚህ ውይይቶች ሁሉ ልብ የሚነካው በ593 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1197) ያረፉት የመርጊናኑ ሊቅ ቡርሃኑዲን «አል-ሂዳያ» በተባለው የሐነፊይ ፊቅህ መጽሐፋቸው ያሰፈሩት ነው። ጭልፊት ከያዘው ቢበላም ሥጋው ይፈቀዳል፤ ውሻ ቢበላ ግን አይፈቀድም። ለምን? የመማር ምልክቱ፣ ይላል ሐተታቸው በጥቅሉ፣ ፍጡሩ የለመደውን መተዉ ነው። ጭልፊት በተፈጥሮው ከሰው የሚሸሽ ዱረኛ ነው፤ ስለዚህ ሲጠሩት ሰማዩን ትቶ ከተመለሰ ተምሯል። ውሻ ግን ድሮም ከሰው ጋር ይኖራል፤ መምጣቱ አይደንቅም። የእርሱ ልማድ መንጠቅና መብላት ነው። ስለዚህ ሥጋው በአፉ እያለ፣ ረኃቡ በሆዱ እያለ፣ ሳይበላ ከጠበቀ ያን ጊዜ ተምሯል።

እዚያው መጽሐፍ ላይ ሌላም ጥያቄ ተነስቷል። ለረጅም ጊዜ የተማረ ነው ሲባል የነበረ ውሻ አንድ ቀን ከግዳዩ ቢበላ፣ ከዚያ በፊት ይዞት በቤት የተቀመጠው ሥጋ ምን ይሆናል? አቡ ሐኒፋ እርሱም ሐራም ነው አሉ፤ ዛሬ መብላቱ ድሮም አለመማሩን አጋልጧልና፤ ከልብ የገባ ሙያ ከሥሩ አይረሳም። ሁለቱ ተማሪዎቻቸው ግን የተማሩት ሊረሳ ይችላልና ያለፈው አይበላሽም አሉ። አዳኙ በእጁ ቆርሶ ከሰጠው ግን ውሻው ቢበላ ምንም ነውር የለበትም። የተሰጠውን መብላትና የተጠበቀበትን መብላት አንድ አይደሉምና።

ሸይዘር፣ የቆቅና የጥሻ አገር

ከመጻሕፍቱ ወጥተን ወደ ሜዳው እንውረድ። በሶርያ ምድር፣ በዓሲ ወንዝ ላይ፣ ሸይዘር የሚባል ምሽግ አለ። በ12ኛው መቶ ዓመት የበኑ ሙንቂዝ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ እዚያ በ488 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1095) ተወለደ። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ መስቀላውያን ቁድስን ያዙ፤ ዕድሜውንም በጦርነትና በስደት አሳለፈ። ወደ ዘጠና ዓመት ሲጠጋ ያየውን ሁሉ «ኪታቡል ኢዕቲባር» በተባለ መጽሐፍ አሰፈረ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል የአደን ትዝታው ነው።

የዚያ ክፍል ባለታሪክ አባቱ ሙርሺድ ነው። የምሽጉን አገዛዝ ለታናሽ ወንድሙ ለሱልጣን ትቶ፣ ሌሊቱን ቁርአን በእጁ እየጻፈ፣ ቀኑን እየጾመና እያደነ የኖረ ሰው ነበር። ሁለት የአደን ስፍራዎች ነበሩት፤ አንዱ ከከተማው በስተደቡብ ያለው ተራራ፣ ሌላው በወንዙ ዳር ያለው ጥሻ። ለአደን ሲወጣ ሰልፉ እንደ ጦር ሰልፍ የተስተካከለ ነበር፤ ወሬ አይፈቀድም፤ ሁሉም ዓይኑን መሬቱ ላይ ጥሎ ይጓዛል።

ይህ ሰው እስከ ቁስጥንጥንያ መልእክተኛ ልኮ ጭልፊቶችንና «ዘጋሪ» የሚባሉ ወፍ አዳኝ ውሾችን አስመጣ። ውሾቹ ሸይዘር ውስጥ ተዋለዱ። ኡሳማ እንደሚለው ወፍ ማደን ከተፈጥሯቸው የተሰጠ ነበር። ይህን ለማሳየት የሚነግረን ስለ አንዲት ቡችላ ነው። ቡችላዋ ገና አደን አታውቅም፤ ትልልቆቹን ተከትላ ከጠባቂው ልጅ ጋር ወጣች። ጭልፊት በቆቅ ላይ ተለቀቀ፤ ቆቁ በወንዙ ዳር ካለው ጥሻ ገባ። ትልልቆቹ ውሾች ሊያስወጡት ጥሻው ውስጥ ሲገቡ ቡችላዋ ከገደሉ ጫፍ ቆማ ታይ ነበር። ቆቁ ድንገት ሲነሳ እርሷም ከገደሉ ላይ ተወርውራ ጥሻው መካከል ወደቀች።

አንባቢያን ሆይ! በዚህች ቡችላ ውስጥ የአስተማሪ ሥራ ሁሉ አለ። ፍላጎቷ ከአላህ ነው፤ ማንም አላስተማራትም። መውደቋ ግን ከአለመማር ነው። ያደገ ፍላጎት ያለ ትምህርት ከገደል ይጥላል፤ ትምህርትም ያለ ፍላጎት የትም አያደርስም። ቁርአን አላህ ካስተማራችሁ ታስተምሯቸዋላችሁ ሲል አስተማሪው ራሱ ተማሪ መሆኑን አስታወሰን። ፍጡሩ ውስጥ ያለውን ያኖረው አላህ ነው፤ ሰው የሚያደርገው መንገዱን ማሳየት ብቻ ነው።

ከእነዚያው ውሾች አንዱ ሌላ ጊዜ ቆቅ ፍለጋ ተራራው ላይ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ገብቶ ሳይወጣ ቆየ። ከውስጥ ትግል ተሰማ። የኡሳማ አባት አውሬ አለ፣ ውሻው ሞቷል ብሎ ተስፋ ቆረጠ። በመጨረሻ ውሻው የገደለውን ቀበሮ እግሩን ነክሶ እየጎተተ ወጣ። ለወፍ የተላከ ውሻ ቀበሮ ይዞ መጣ ማለት ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ ሳይሆን ላጋጠመው ሁሉ የሚበቃ ውሻ አዳኞች ዛሬም የሚመኙት ነው።

በ552 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1157) የምድር መንቀጥቀጥ ሸይዘርን አፈረሰው፤ የኡሳማ ዘመዶች አብዛኞቹ በአንድ ቀን አለቁ። እርሱ በቦታው አልነበረም። እነዚያን ሰዎች፣ ሜዳዎችና ውሾች ዛሬ የምናውቃቸው ሽማግሌው ስላስታወሳቸው ነው።

ከቡችላነት እስከ አዳኝነት

አዳኝ ውሻ እንዴት ያድጋል? ከዐረብ በረሃ የምናውቀው ሰሉቂ የሚባለው ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ በዓይኑ የሚያድን ውሻ ነው። ስሙን የዐረብ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሰሉቅ ከምትባል የየመን ቦታ ጋር ያያይዙታል። በደዊን ከሌሎች ውሾች ለይተው «አል-ሑር»፣ ማለትም ጨዋው፣ ይሉታል። ቡችላው በድንኳኑ አጠገብ ከሰዎች ጋር እየተላመደ ያድጋል። መጀመሪያ የበረሃ አይጥ ያሳድዳል፤ ሲጠነክር ጥንቸል፣ ሲበስል ሚዳቋ። ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር በጊዜው ካልሆነ አይሰጠውም፤ አንዴ ተሸንፎ የፈራ ቡችላ ልቡ ይሰበራልና።

ሙስሊሞች ይህን ሙያ በብዕርም አስፍረዋል። በ255 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 869 ገደማ) ያረፈው አል-ጃሒዝ «ኪታቡል ሐየዋን» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ በውሻ ባለቤትና በአውራ ዶሮ ባለቤት መካከል ረጅም ክርክር ጽፏል። ኢብኑል መርዙባን በ309 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 921) ከማረፉ በፊት ውሾች ልብስ ከለበሱ ብዙ ሰዎች እንደሚበልጡ የሚናገር መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በሐለብ፣ በሰይፉ ደውላ አደባባይ የነበረው ባለቅኔ ኩሻጂም የአደን መጽሐፍ አለው። በግብፅ ለፋጢሚው ኸሊፋ ለአል-ዐዚዝ (እ.ኤ.አ ከ975 እስከ 996) የጭልፊት አዛዥ የነበረ ሰው የጻፈውም ደርሶናል። ዕውቀቱ ባሕር ተሻግሯል። አውሮፓውያን «ሞዓሚን» የሚሉት የዐረብኛ ድርሰት፣ ስለ ጭልፊትና ስለ ውሾች የሚናገር፣ እ.ኤ.አ በ1240 እና በ1241 አካባቢ ለንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ወደ ላቲን ተተርጉሟል።

በጀርመን ከ1848 አብዮት በኋላ የመኳንንቱ የአደን መብት ለተራው ሰው ሲከፈት፣ ብዙ ውሻ መቀለብ የማይችለው አዳኝ ሁሉን የሚሠራ አንድ ውሻ ፈለገ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሽታ ተከትሎ የሚጠቁም፣ ውሃ ገብቶ የሚያወጣ፣ የቆሰለ እንስሳ ፈልጎ የሚያመጣ ውሻ ተዳቀለ። ዛሬ የእነዚህ ውሾች አሰልጣኞች የሚከተሉትን ስንመለከት ከፊቅህ መጻሕፍቱ ብዙም አይርቅም። ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ወደ ቤት ይመጣል። መጀመሪያ ስሙንና «ና» የሚለውን ይማራል፤ ሲመጣ ሁልጊዜ በጎ ነገር ያገኛል፤ ጠርቶ የሚመታ ጌታ ዳግም አይታመንም። ትምህርቱ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሳይሰለች ይቆማል። የጥይት ድምፅ ከሩቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይለምዳል። ውሃ የሚገባው ጥልቀት በሌለበት፣ በሞቃት ቀን ነው። ከዚያ በጨርቅ የተሞላ ነገር ይወረወርለታል፤ በለስላሳ አፍ ይዞ ሳይበጣጥስ እስከ ጌታው እጅ ማድረስ ይማራል። ከሁሉ የሚከብደው ወፉ ፊቱ ሲነሳ ሳይሮጥ መቆም ነው። መሄድ፣ መቆም፣ መጠበቅ፤ ሦስቱ ምልክቶች ሳይለወጡ ቆይተዋል።

ወሰኑን አንርሳ

ይህን ስናነብ ውሻን ወደ ሳሎናችን እናስገባ የሚል መደምደሚያ ላይ እንዳንደርስ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከምንዳው በየቀኑ ይቀነሳል። ውሻ ያለበትን ቤት መላእክት እንደማይገቡበትም በሐዲስ ተነግሯል። የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። «ምን ያገባታል ውሻ ከእርሻ» የሚለው የአገራችን ተረት በዚህ ጉዳይ አይሠራም፤ የገበሬውንና የእረኛውን ውሻ ሸሪዓው ራሱ ፈቅዶታል።

ነጃሳነቱን በተመለከተ አገራችን ውስጥ ያሉት ሦስቱ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ መላ አካሉ ነጃሳ ነው፤ የነከሰው የግዳይ ቦታም ይታጠባል። በሐነፊይ ምራቁ ነጃሳ ሲሆን ጸጉሩ አይደለም። በማሊኪይ በሕይወት ያለ ውሻ ንጹህ ነው፤ ዕቃ ማጠቡ የዒባዳ ትእዛዝ ነው። የአንዱን መዝሀብ የያዘ ጎረቤት በሌላው ላይ እንዳይፈርድ ይህን ማወቅ ይበቃል።

ጭካኔን ግን አንድም መዝሀብ አልፈቀደም። ሕይወት ያለውን ነገር ዒላማ አድርጎ መጫወት በሐዲስ ተከልክሏል። በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ገብቶ በጫማው ውሃ ያወጣለት ሰው አላህ ይቅር እንዳለው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በግቢያችን በር ላይ ሌሊቱን ሲጠብቀን የሚያድረው ውሻ ውሃና ጥላ የማግኘት መብት አለው። ልጆች በድንጋይ ሲያሳድዱት ዝም ብለን ማየት ኢስላማዊ ጨዋነት አይደለም።

ለማን ያዝኸው?

ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ)፣ በ751 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1350) ያረፉት ሊቅ፣ «ሚፍታሕ ዳር አስ-ሰዓዳ» በተባለው መጽሐፋቸው የዒልምን ክብር ከሚያስረዱባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የተማረው ውሻ ነው። ያልተማረው ውሻ የያዘው በክት ሲሆን የተማረው የያዘው ሐላል ከሆነ፣ ዕውቀት ውሻን እንኳ ከሌሎች ውሾች ለየ ማለት ነው። ታዲያ የሰውን ልጅ ምን ያህል ከፍ ያደርገው ይሆን?

ልጆቻችንን ከውሻ ጋር ማነጻጸራችን አይደለም፤ አላህ የአደምን ልጆች አክብሯል። ነገር ግን ከዚህ ምሳሌ አንድ መራራ ጥያቄ ይወጣል። እኛ ልጆቻችንን የምንለካው በምንድን ነው? ሰርተፊኬቱን ሲያመጣ ስንተኛ ወጣህ እንላለን፤ ሥራ ሲይዝ ደሞዝህ ስንት ነው እንላለን። ይህ ሁሉ የግዳዩ ብዛት ነው። ፈቃሂዎቹ ግን ውሻውን በያዘው ብዛት አልለኩትም፤ ሥጋው በአፉ ሳለ በመተዉ ለኩት። በአማና የተሰጠውን ገንዘብ ቆጥሮ የሚመልስ፣ ሚዛን ላይ ጣቱን የማይጭን፣ ማንም ሳያየው የአላህን ገደብ የሚጠብቅ ልጅ ነው የተማረው። ዲግሪ ይዞ የሕዝብ ገንዘብ የሚበላ ሰው ግን ለላከው ወገን አልያዘም፤ ለራሱ ነው የያዘው። አቡ ሐኒፋ ስለ ውሻው ያሉት ይታወሰን፤ ዛሬ መብላቱ ድሮም አለመማሩን ያጋልጣል።

ሁለተኛ፣ ልጆች ሁሉ አንድ አይደሉም። የጭልፊት ትምህርት መመለስ ነው፤ የውሻ ትምህርት መታቀብ ነው። አንዱ ልጃችሁ ዓይን አፋርና ብቸኛ ይሆናል፤ ለእርሱ ትልቁ ትምህርት ወደ ሰው መምጣት ነው። ሌላው ደፋርና ፈጣን ነው፤ ለእርሱ ትልቁ ትምህርት መቆም ነው። ሁለቱን በአንድ ዱላ የሚነዳ ወላጅ የጭልፊቱን ልብ ይሰብራል፤ የውሻውንም ልማድ አያስተውም።

ሦስተኛ፣ ከሌላ ውሻ ጋር የተቀላቀለውን ግዳይ አስታውሱ። ማን እንደያዘው ካልታወቀ አይበላም። ልጃችን ከማን ጋር እንደሚውል ሳናውቅ፣ ያመጣው ገንዘብ ከየት እንደሆነ ሳንጠይቅ፣ ደስ ብሎን የምንቀበል ስንቶቻችን ነን?

በመጨረሻም የአላህ ስም የሚወሳው ሲላክ ነው። ውሻው ከእጅ ካመለጠ በኋላ ለመጸጸት ጊዜው ያልፋል። ልጅን ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ሩቅ አገር ስንልክ በቢስሚላህና በዱዓእ እንላክ፤ ከዚያ በፊት ግን ና ስንለው የሚመጣበት፣ ተው ስንለው የሚተውበት ፍቅር በመካከላችን እንዳለ እናረጋግጥ። የአሰልጣኞቹን ምክር አንርሳ፤ ጠርተን የምንመታው ልጅ ዳግም ስንጠራው አይመጣም።

እንግዲህ ልጃችሁ ያን ጥያቄ ሲጠይቃችሁ «አዎ፣ አለ» በሉት። ከዚያም የዐዲይን፣ የሸይዘሯን ቡችላና ሥጋ በአፉ ይዞ ሳይበላ የሚጠብቀውን ውሻ ታሪክ ንገሩት። ሲያድግ አንድ ቀን ብቻውን ሆኖ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የእርሱ ያልሆነ ነገር በእጁ ሲገባ ያ ውሻ ትዝ ይለው ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) እኛንም ልጆቻችንንም በተማርነው የምንሠራ፣ የተሰጠንን አማና ለባለቤቱ የምናደርስ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።